ጅማ ስድስት ቀን፦ የአክስቴ ስልክ፣ አንድ በርጩማ እና ቦነስ አይረስ

ማክሰኞ

ጉዞው ገና ሳይጀመር ነው የተበላሸው። ትኬቱን በስልክ ነበር የቆረጥኩት፣ የመጣልኝ ቴክስት ላይ 5:30 ኤኤም ይላል፣ እኔ ቁጥሯን ብቻ አይቼ "ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል ነው፣ አሪፍ፣ ቁርስ በልቼ እወጣለሁ" ብዬ ተኛሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልክ ጮኸ። ረዳቱ ነው። "ወንድሜ የት ደረስክ? አንተን ብቻ ነው የምንጠብቀው!" ለካ በኛ 11 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ሱሪዬን እየለበስኩ ራይድ ጠራሁ፣ የጥርስ ብሩሽ ቤት ቀረ፣ ቻርጀር ቤት ቀረ (ይሄኛው በኋላ ጉድ ሰርቶኛል)፣ መናኸሪያ ስደርስ 12 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ባሱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ዞሮ ያየኛል። አንዲት እናት "እንኳን ደህና መጣህ የኔ ጌታ" አሉኝ። አሽሙር ናት፣ ገብታኛለች።

አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚማር ነው። የሆንኩትን ስነግረው እየሳቀ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፣ ፊቱ ላይ ሁለት ሰዓት አለ፣ አንዱ አዲስ አበባ አንዱ ቦነስ አይረስ። "አርጀንቲና ዘመድ አለህ እንዴ?" አልኩት። "የለኝም፣ የሀበሻ ሰዓት ነው" አለኝ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ቦነስ አይረስ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ በመሀላችን ልክ 6 ሰዓት ልዩነት አለ፣ እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከፈረንጁ 6 ሰዓት ቀንሰን አይደል፣ ስለዚህ ስልኩ "አርጀንቲና ስንት ሰዓት ነው" ብሎ የሚያሳየው ቁጥር በቀጥታ የኛ ሰዓት ነው ማለት ነው። ኤኤም ካለ ቀን፣ ፒኤም ካለ ማታ። ጠዋት 12 ሰዓት ስትል እዛ እኩለ ሌሊት 12 ኤኤም ነው፣ ሳትዛነፍ ትገጥማለች። ስንት ዓመት ስማርትፎን ይዤ ይሄን ባለማወቄ ተናደድኩ፣ እዛው ባሱ ላይ ስልኬ ላይ ጨመርኩት።

ወደ ጅማ የምሄደው ለአክስቴ ነው። እቴቴ ነው የምንላት። በየሳምንቱ እየደወለች "ስልኬ ሞልቻለሁ ይላል፣ ቲቪው ፊልም አላነብም ይላል፣ አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ኮምፒውተር ትነካካለህ" ትለኛለች። የቤተሰቡ አይቲ እኔ ነኝ፣ ደሞዝ የለውም።

ወሊሶ ቁርስ፣ ወልቂጤ ሻይ፣ ከዛ ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል። ቁልቁለቱ ላይ ኔትወርክ ሄደ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ እያደረገ ያየዋል ልክ መና እንደሚጠብቅ። እኔ ግን ማታ ኦፍላይን ካርታ አውርጄ ስለነበር ሰማያዊዋ ነጥብ ኔትወርክ ሳይኖር መንገዱን ይዛ ትወርዳለች። ብዙ ሰው ጂፒኤስ ዳታ የሚበላ ይመስለዋል፣ እኔም ይመስለኝ ነበር። ስልኩ የሚያደርገው ሳተላይቶቹ የሚልኩትን ምልክት መቀበል ብቻ ነው፣ ወደ ላይ ምንም አይልክም፣ ቢያንስ አራቱን ከያዘ ያለህበትን ያውቃል። ዳታ የሚበላው የካርታው ስዕል ነው፣ እሱን አስቀድመህ ካወረድክ አለቀ። ኔትወርክ ከሌለ የመጀመሪያዋን ቦታ ለማግኘት ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይሰራል። ከፍታ የሚለካውን ሳየው ድልድዩ ጋ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይላል፣ ከአዲስ አበባ ግማሹን ማለት ነው፣ ሙቀቱም ይሄንኑ ይመሰክራል፣ ጃኬቴን አውልቄ ጠቀለልኩት።

ዴነባን አልፈን የግልገል ጊቤ አንድ ሐይቅ ሲታይ ልጁ ወሬ አነሳ፣ መሐንዲስ ሊሆን ነው መሰለኝ ስለ ግድብ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋት ነው፣ ጊቤ ሁለት ደግሞ 420። ሁለተኛው የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም፣ የአንደኛውን ውሃ ተርባይን ካዞረ በኋላ ተቀብሎ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ኦሞ ወንዝ ሸለቆ ያወርደዋል። አንድ ውሃ ሁለቴ ይሰራል። "እንደኔ ስራ ነው፣ አንዴ ተከፍሎኝ ሁለቴ የምሰራው" አልኩት፣ አልሳቀም።

ጅማ የገባነው 9 ሰዓት ላይ ነው (በቦነስ አይረስም 9፣ አየሁት)። ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ወገቤ ግን 700 ነው ይላል። ባጃጅ ይዤ ቆጪ፣ እቴቴ ደጅ ቆማ "ከሳህ!" አለች። አልከሳሁም። ሁሌ ነው የምትለው።

ረቡዕ

ቡና ሳይጠጣ ስልክ አይነካም አለችኝ፣ ሶስቱንም አስጠጣችኝ፣ አቦል ቶና በረካ። ከዛ ስልኳን ሰጠችኝ። 32 ጊጋ ስልክ ነው፣ ከዛ ላይ ቴሌግራም ብቻውን 17 ጊጋ ይዟል። ምንድነው ብዬ ስገባ በየጠዋቱ "መልካም ቀን ይሁንላችሁ" የሚል አበባ ያለበት ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ የልቅሶ ቤት ቪዲዮ፣ አንድ ሰውዬ ስለ ነጭ ሽንኩርት 40 ደቂቃ የሚያወራበት፣ አምስቴ ሼር የተደረገ ያው ራሱ ሰውዬ። ሁሉም ሳትነካው በራሱ ዳውንሎድ ሆኗል።

"እንዳታጠፋብኝ! የልጄ ሰርግ አለበት!" አለች እጄን ይዛ።

እዚህ ጋ ነው ብዙ እናቶች የሚፈሩት፣ ልክም ናቸው፣ ግን ቴሌግራም ላይ ካሽ (ስልኩ ላይ ለጊዜው የተቀመጠውን ኮፒ) ማጥፋትና ሜሴጅ ማጥፋት አንድ አይደለም። ካሹን ስታጠፋ ከስልኩ ነው የሚወጣው፣ ኦሪጅናሉ ሰርቨራቸው ላይ አለ፣ ስትፈልገው እንደገና ትነካዋለህ ይወርዳል። ላሳምናት የሰርጉን ቪዲዮ ከፈትኩ፣ ካሹን አጠፋሁ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ ቀስቷ ወደ ታች ሆና መጣች፣ ነካኋት፣ ክብ ክብ አለች፣ ሙሽሪት ወጣች። እቴቴ እልል አለች፣ እውነቴን ነው፣ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። ለማንኛውም ሰርጉን ወደ ጋለሪ ሴቭ አደረግኩላት፣ አውቶ ዳውንሎዱን ዘጋሁ፣ ሳይነካ ሳምንት የቆየ ፋይል ራሱ እንዲጠፋ አደረግኩት። 15 ጊጋ ተለቀቀ። የነጭ ሽንኩርቱን ሰውዬ አንዱን ኮፒ ብቻ አስቀርልኝ አለች፣ አስቀረሁላት።

ማታ ቲቪው። ይሄኛው አለፋኝ። እቴቴ ካና በ2008 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ ነፍሷ ነው፣ ያመለጣትን ፍላሽ ቤት ሄዳ ታስጭናለች። ጅማ መርካቶ ውስጥ ፍላሽ የሚጭኑ ልጆች አሉ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሃርድ ዲስክ፣ ግድግዳ ላይ የፊልም ፖስተር፣ "ሙሉ ሲዝን አለ"። የጫኑላት ግማሹ ይሰራል፣ ግማሹ ድምፅ አለው ምስል የለውም። ችግሩ ፍላሹ አልነበረም፣ ፋይሎቹ ኤች 265 በሚባለው አዲሱ አጨማመቅ የተሰሩ ናቸው፣ ፋይሉ ያንሳል ጥራቱ አይቀንስም አሪፍ ነው፣ ግን አሮጌ ቲቪ አያውቀውም። ስልክ ላይ ቪኤልሲ የሚባለው አፕ ይከፍተዋል፣ ቲቪው እምቢ ይላል። ሌላው ደግሞ ትልልቁ ፊልም ወደ ፍላሹ አልኮፒም አለ፣ "ቦታ የለም" ይላል፣ ቦታ ግን ሞልቷል። ይሄ ፋት 32 የሚባለው የፍላሽ አከፋፈል ጣጣ ነው፣ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፣ ባዶ 64 ጊጋ ቢሆን እንኳ። ትልቅ ፋይል በሚቀበለው በኤክስፋት ፎርማት ላድርገው ብል ያ ቲቪ ኤክስፋት አያነብም። ምርጫው ያው ትንንሽ ፋይል ማስጫን ነው። ልጆቹን "የድሮውን፣ ኤች 264 ስጡን፣ ከ4 ጊጋ በታች" በያቸው ብዬ በወረቀት ጻፍኩላት፣ እቴቴ ወረቀቱን ልክ እንደ መድኃኒት ማዘዣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሐሙስ

ሂርማታ ገበያ። የሐሙስ ገበያ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው፣ የአባ ጅፋር ዘመን ነጋዴዎች ከየአቅጣጫው የሚመጡበት ነበር። ዛሬም ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉ፣ ጨርቁ፣ ጫማው፣ ሰው እንደ ጉድ ነው። እኔ የሄድኩት ሁለት ነገር ፈልጌ ነው፣ ቻርጀርና በርጩማ።

ቻርጀር 5 ደቂቃ፣ "ኦርጅናል ነው" ተባልኩ፣ 150 ብር። ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል፣ ከላፕቶፕ ጋ ሳገናኘው ግን ላፕቶፑ ስልኩን አያየውም። ለካ ኬብሉ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ናቸው፣ መብራት የሚያስተላልፉት። ዳታ የሚያስተላልፉት የሉም። ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም፣ እዛው ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ካላያችሁ አታውቁትም።

በርጩማው ግን ታሪክ አለው። ጅማ ሄዶ በርጩማ ሳይገዛ የሚመለስ ሰው አለ? ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሰራው፣ ሶስት እግር፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ፣ ሙጫ የለ ምስማር የለ። አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩና እኔ አፋን ኦሮሞ አልችልም፣ ስልኬን አወጣሁ፣ ጎግል ትራንስሌት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦሮምኛ አለው ሲባል ሰምቻለሁ፣ "ዋጋው ስንት ነው" ብዬ ጻፍኩ፣ "ገቲን ኢሳ ሜቃ" የሚል ነገር በቁቤ መጣ፣ ስልኩን ወደ አባባ ፊት ዘረጋሁት። አባባ መነጽራቸውን ከኪስ አወጡ፣ ጠረጉት፣ አደረጉት፣ ስልኩን ከፊታቸው ራቅ ቀረብ እያደረጉ አነበቡት፣ ከዛ መነጽሩን አውልቀው በጥርት ያለ አማርኛ፣

"1,500 ብር። ደግሞ ልጄ፣ አፍ እያለህ ስልክ ምን ያደርግልሃል?" አሉኝ።

ዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። አንድ ልጅ ከጎን "ሂርእሲ በላቸው" አለኝ፣ ቀንስ ማለት ነው፣ "ሂርእሲ" አልኩ፣ አባባ እንደገና ሳቁና 1,200 አሉ። ያቺን አንዲት ቃል በማለቴ 300 ብር። ትራንስሌቱ ምንም አልቀነሰልኝም። በርጩማውን ገልብጠው ከስር አሳዩኝ፣ የመጥረቢያው ምት በደንብ ይታያል፣ ከላይ ግን እጅህን ስታሳልፍበት ቅቤ ነው። "ዋንዛ ነው" አሉኝ፣ "ስንጥቅ ካየህበት መልሰህ አምጣ"። ጥሬ ብር አልነበረኝም፣ ዳታም አልቋል፣ በቴሌብር በስታር 127 ሀሽ ላኩላቸው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ድሮ ካርድ እንደምንሞላው ነው። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ አሁን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቁጥራቸውን በቃላቸው ይነግሩሃል፣ መልእክቱ እስኪደርሳቸው ግን በርጩማውን አይለቁም።

አርብ

ጅሬን ወጣሁ። ከከተማው ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነው የገዙት፣ ለምኒልክ እየገበሩ ግዛታቸውን በራሳቸው እጅ ይዘው የቆዩ ንጉሥ ናቸው፣ ጅማ ጦርነት ሳይነካት ለንግድ የተመቸችው በሳቸው ብልሃት ነው ይላል አስጎብኚው፣ እኔም አልተከራከርኩም። እንጨቱ፣ ሰገነቱ፣ ከላይ ሆኖ ጅማን ቁልቁል ማየቱ። ግቢው ውስጥ መስጊድ አለ፣ አርብ ስለነበር ሰው እየገባ ነው፣ ጫማ ተደርድሯል፣ ካሜራዬን ወደዛ አላዞርኩም።

አስጎብኚው ወጣት ነው፣ በሰገነቱ ላይ አሪፍ ፎቶ አነሳሁት፣ "ላክልኝ" አለኝ፣ ቴሌግራም ላይ ላኩለት፣ ደብዝዞ ደረሰው። እንደ ፎቶ ስትልከው ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ "ፋይል" የሚለውን መርጠህ ስትልክ ሳይነካ እንዳለ ይሄዳል። ግን እንዳለ ስለሚሄድ ፎቶው የት እንደተነሳ የሚናገረው መረጃም አብሮ ይሄዳል (ስልካችሁ ካሜራ ላይ ሎኬሽን ከተከፈተ ማለቴ ነው)። ቤተ መንግሥት ለመላክ ችግር የለውም፣ ቤታችሁ ሳሎን ያነሳችሁትን ለማታውቁት ሰው በፋይል ስትልኩ ግን አስቡበት።

ማታ መብራት ጠፋ። ሁለት ጊቤ ተሸክማ ያለች አገር ላይ ሻማ እየፈለግን እቴቴን "ዋሻው ውስጥ ውሃ ቆመ መሰለኝ" አልኳት። ምን እንደማወራ አልገባትም።

ቅዳሜ

የእቴቴ ባል ወንድም፣ ጋሼ፣ አጋሮ ቡና አለው፣ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ኅዳር ነው፣ ለቀማ ላይ ናቸው፣ ቀዩ እሸት በቅርጫት፣ የደረቀው ጀንፈል አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ሽታው እንደ ዘቢብ ነው። እዛው ጎማ ወረዳ ጮጬ የሚባል ቦታ አለ፣ የካልዲና የፍየሎቹ ታሪክ የኛ ነው ይላሉ፣ ከፋዎች ደግሞ ቦንጋ ላይ ሙዚየም አላቸው የኛ ነው ይላሉ፣ ፍየሎቹ ብቻ ናቸው እውነቱን የሚያውቁት።

ውጭ ያለ ጓደኛዬ ከሳምንት በፊት የቡና ከረጢት ፎቶ ልኮልኝ ነበር፣ ላዩ ላይ 74110 ይላል፣ "ይሄ ምንድነው ስልክ ቁጥር ነው?" ብሎ። እኔም የሳጥን ቁጥር ነው ብዬ መለስኩለት፣ በሙሉ እምነት። ጋሼን ስልኩን ሳሳየው "ይሄማ ዘሩ ነው፣ እዚህ የቆምክበት" አለኝ። በ1971 እ.ኤ.አ. ፍሬውን እያጠቆረ የሚጥል በሽታ አገር ውስጥ ገባ፣ የገበሬው ቡና ክፉኛ ተመታ፣ ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ ዞረው በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች መረጡ፣ ቁጥር ሰጧቸው፣ 74 ማለት የተመረጠበት ዓመት ነው 1974 በፈረንጅ፣ የቀረው ተራ ቁጥሩ። እዚሁ ጅማ መልኮ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ነው ያወጣቸው። 74112 አለ፣ 74158 አለ፣ ታናናሽ ወንድሞች ናቸው። ጋሼ ዛፉን በእጁ መታ መታ አድርጎ "ይሄ አባቴን ያኖረ ቁጥር ነው" አለ። ለጓደኛዬ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ "ስለዚህ የዛፍ መታወቂያ ነው" አለኝ፣ ከኔ መልስ ይሻላል።

ማታ ጅማ ተመልሰን ኳስ። ሰፈሩ ውስጥ ዲሽ ያለው አንድ ቤት አለ፣ ይከፈልበታል፣ የእቴቴ ልጅ ግን "ለምን እንከፍላለን በስልክ እናያለን" ብሎ ሳሎን ተሰብስበን በላይቭ ስናይ አጥቂው ኳሱን ሳይዝ ጎረቤት "ጎ...ል!" ብሎ ጮኸ። ሶስቱንም ጎል ከጎረቤት ነው የሰማነው። የሳተላይቱ ምልክት 36,000 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ሲመለስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ በኢንተርኔት ሲሆን ግን ቪዲዮው ተቆራርጦ፣ ተጠራቅሞ፣ ሰርቨር ለሰርቨር ዞሮ ነው የሚደርስህ፣ ግማሽ ደቂቃ ሊቀር ይችላል። ልጁ በሁለተኛው አጋማሽ ጫማውን አድርጎ ወጣ፣ ከፍሎ ሊያይ።

እዛ ቤት በር ላይ የጅማ አባ ጅፋር ክለብ ስካርፍ ተሰቅሎ አየሁ። ፕሪሚየር ሊግ በገቡበት በመጀመሪያው ዓመት በ2010 ዓ.ም ዋንጫውን የወሰዱ ጊዜ የተገዛ ነው አለኝ ባለቤቱ፣ ጫፉ ተበልቷል፣ ግን አይወርድም።

እሁድ

መመለሻ። ትኬቱን አስር ጊዜ አየሁት፣ 6:00 ኤኤም፣ ማለትም ጠዋት 12 ሰዓት፣ አላርም ሶስት ሞላሁ፣ እቴቴ ግን 10 ሰዓት ላይ ቀስቅሳ ማር፣ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዳቦ ጭና ለቀቀችኝ፣ በርጩማዬን ጭኔ ላይ አቀፍኩት፣ ረዳቱ "ይሄ ትኬት ቆርጧል?" አለ።

ከመሄዴ በፊት ማታ ላይ አንድ ነገር አሳይቻት ነበር፣ ኪቦርዱ ላይ ማይኳን ነክታ በአማርኛ ስታወራ እሱ ይጽፍላታል፣ ጎግል ይሄንን በ2017 እ.ኤ.አ. ነው ለአማርኛ የጨመረው፣ እሷ ግን እስካሁን ፊደል ለቅማ እየጻፈች ስለሚደክማት ቮይስ ብቻ ነው የምትልከው። ስልኩን እንደ ማይክራፎን አፏ ስር ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ዜና እንደምታነብ እየጮኸች ስትሞክር ነበር። ያቺን የቦነስ አይረስ ሰዓትም ስልኳ ፊት ላይ አድርጌላታለሁ፣ "እኔን አርጀንቲና ምን አገባኝ" ብትልም።

ወልቂጤ ስንደርስ ኔትወርክ መጣና ቴሌግራሜ ጮኸ። ነጥብ የለው፣ ሰረዝ የለው፣ አንድ ትንፋሽ፦

"የኔ ልጅ ደረስክ ወይ እኔ ደህና ነኝ ማሩ እንዳይፈስብህ ክዳኑን እየው ልጁ ትናንት የከፈለውን ብር ከኔ ነው የወሰደው አንቺ ልጅ በሩን ዝጊው ውሻው ገባ አይ ይሄንን አትጻፍ ብዬሃለሁ አርጀንቲና አምስት ሰዓት ሆኗል ምሳ ብላ"